ሳይጫን የሚነካ እጅ

አሜሪካዊቷ ድምፃዊ ቦኒ ሬይት ጊታር ስትጫወት መታየት ያለበት የግራ እጇ መካከለኛ ጣት ነው። ጣቷ ላይ ከጠርሙስ አንገት የተቆረጠ የብርጭቆ ቀለበት ተሰክቷል። ሌላው ጊታሪስት ክሩን በጣቱ ጫፍ ወደ እንጨቱ ተጭኖ ድምፅ ያወጣል፤ እሷ ግን ብርጭቆውን ክሩ ላይ ታሳርፍና ታንሸራትተዋለች። አጨዋወቱ ስላይድ ይባላል። ላየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ የሞከረው ግን ቶሎ ይገባዋል። ብርጭቆው ትንሽ ከከበደ ክሩ ወርዶ በጊታሩ አንገት ላይ ከተደረደሩት ብረቶች ጋር ይጋጭና ይንኳኳል። ትንሽ ከቀለለ ደግሞ ክሩ ከብርጭቆው ጋር እየተነካካ ይነዝራል፤ ድምፁ አይጠራም። በሁለቱ መካከል ያለችው ቦታ እጅግ ጠባብ ናት። ቦኒ ሬይት ከሃምሳ ዓመት በላይ እንጀራዋን የጋገረችው በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

መሰንቆ የሚጫወት ሰው ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ይረዳዋል። መሰንቆ ላይ ለጣት ማረፊያ የሚሆን ምልክት የለም፤ ጣቱም ክሩን ከጎኑ ይነካዋል እንጂ ወደ እንጨቱ አይጫነውም። ድምፁ ትክክል መሆኑን የሚፈርደው ጆሮ ብቻ ነው። ስላይድም እንደዚያው ነው። ጊታሩ ላይ ያሉት ብረቶች ለስላይድ ተጫዋች ዓይን ይረዱ ይሆናል እንጂ ስህተትን አያርሙለትም። ብርጭቆው ከብረቱ ልክ በላይ ካልቆመ ድምፁ ይጎድላል ወይም ያልፋል።

የቦኒ ሬይት ጥበብ ወደ አንድ ነገር ይጠቀለላል ብዬ አምናለሁ፤ የጫናን ልክ ማወቅ። ክሩ ላይ የምታሳርፈው ክብደት፣ ቃል ላይ የምታሳርፈው ድምፅ፣ አድማጭ ላይ የምታሳርፈው ሐዘን ሁሉም በአንድ እጅ የተመዘኑ ናቸው። ብሉዝና ሮክ ጩኸትን በሚያወድሱበት ዓለም ውስጥ ስሟን ያቆመችው በልክ ነው። ይህ ልክ ደግሞ አብሯት አልተወለደም፤ የተማረችው ነው። ከማን እንደተማረችው ማየት ደስ ይላል።

የተወለደችው እ.ኤ.አ. ኅዳር 8 ቀን 1949 በካሊፎርኒያ ቡርባንክ ከተማ ነው። አባቷ ጆን ሬይት በብሮድዌይ መድረክ ስመ ጥር ድምፃዊ ነበር፤ “ካሩሰል” እና “ዘ ፓጃማ ጌም” በተባሉት የሙዚቃ ድራማዎች መሪ ሚናውን የተጫወተው እሱ ነው። እናቷ ፒያኒስት ነበረች። ቤቱ የሙዚቃ ቤት ቢሆንም የልጅቷ ልብ ያረፈው በሌላ ዓይነት ሙዚቃ ላይ ነው። በስምንት ዓመቷ ለገና በዓል ስቴላ የተባለች ርካሽ ጊታር ተሰጠቻት። በአሥራ አራት ዓመቷ ገደማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በኒውፖርት ፌስቲቫል የተቀረጸ የብሉዝ ሸክላ እጇ ገባ። ሸክላውን እየደጋገመች በማድመጥ ራሷን ማስተማር ጀመረች።

ስለ ጣቷ የምትተርከውም ከዚያ ዘመን ነው። ኮሪሲዲን የሚባል የጉንፋን መድኃኒት የሚሸጥባትን ብልቃጥ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ወረቀቱን ልጣ ጣቷ ላይ አጠለቀቻት። በየትኛው ጣት መሆን እንዳለበት የሚነግራት ሰው አጠገቧ አልነበረም፤ ስለዚህ መካከለኛው ላይ አደረገችው። ብዙዎቹ ስላይድ ተጫዋቾች ብርጭቆውን የሚያጠልቁት በትንሿ ጣት ወይም በቀለበት ጣት ነው፤ እንዲህ ሲሆን የቀሩት ጣቶች ነፃ ሆነው ኅብረ ድምፅ ይይዛሉ። እሷ ይህን ስታውቅ እጇ ለምዶ ነበር። ከዚያ ወዲያ አልቀየረችውም።

ይህ ልማድ በሥራዋ ላይ ምን እንዳመጣ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ብርጭቆ ክር ላይ ሲንሸራተት ከፊቱ ብቻ ሳይሆን ከኋላውም ያለው የክር ክፍል ይንቀጠቀጣል፤ ያልተፈለገ ጉምጉምታ ይፈጥራል። ጎበዝ ተጫዋች ከብርጭቆው ኋላ ያለውን ክር በጣቱ ቀስ ብሎ እየነካ ዝም ያሰኘዋል። ብርጭቆው መካከለኛ ጣት ላይ ሲሆን ይህን ሥራ የሚሠራው ሌባ ጣት ነው፤ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ ያስተኛዋል። ቀኝ እጅም ሥራ አይፈታም። አንዱን ክር የመታው ጣት ሲነሣ ሌሎቹ የማይፈለጉትን ክሮች ይዘው ይቆያሉ። እኛ የምንሰማው አንድ የጠራ ድምፅ ነው፤ ያ ድምፅ እንዲጠራ ግን በሁለቱም እጆች ሌሎች ድምፆች ሁሉ ተይዘዋል። የቦኒ ሬይት ስላይድ ሲያለቅስ እንኳ ንጹሕ ሆኖ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ምሥጢር ቅኝቱ ነው። ለስላይድ ጊታሩን የምትቃኘው ስድስቱ ክሮች ሳይያዙ ሲመቱ አንድ ሙሉ ኅብረ ድምፅ እንዲሰጡ አድርጋ ነው። ብርጭቆው በአንድ መስመር ሲያርፍባቸው ሁሉም አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። ይህ የሚሲሲፒ ገበሬዎችና የጉልበት ሠራተኞች ያቆዩት ጥበብ ነው። እሷም በኤሌክትሪክ ጊታር፣ በትልልቅ አዳራሽ ታሰማዋለች። ጊታሯም ራሱ ታሪክ አለው። ቀለሙ ተፍቆ እንጨቱ ብቻ የቀረ ቡናማ ስትራቶካስተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በ120 ዶላር ገዝታው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከመድረኳ አልተለየም።

በ1967 የሃርቫርድ እህት ኮሌጅ ወደነበረው ራድክሊፍ ገባች። የመረጠችው ትምህርት የአፍሪካ ጥናት ነበር። ሐሳቧም ወደ ታንዛኒያ ሄዶ ጁሊየስ ኔሬሬ በሚገነባው አዲስ ሥርዓት ውስጥ መሥራት ነበር። መንገዷን ያስቀየራት ዲክ ዋተርማን የተባለ ሰው ነው። ዋተርማን ለአሥርተ ዓመታት ተረስቶ የቆየውን የብሉዝ ተጫዋች ሰን ሃውስን በ1964 ፈልገው ካገኙት ሰዎች አንዱ ሲሆን፣ የስኪፕ ጄምስን፣ የሚሲሲፒ ፍሬድ ማክዶዌልን፣ የበዲ ጋይንና የጁኒየር ዌልስን ጉዳይ የሚያስፈጽመውም እሱ ነበር። በሸክላ ብቻ ታውቃቸው የነበሩት ሽማግሌዎች በአንድ ጊዜ ሥጋና ደም ለበሱላት። ትምህርቷን አቋርጣ ተከተለቻቸው። ሻንጣ ተሸክማ፣ መኪና ውስጥ አብራ ተቀምጣ፣ ከመድረክ ጀርባ ሆና እጃቸውን አየች።

ከሁሉም በላይ የቀረበችው ማክዶዌል ነው። የሚሲሲፒ ሰሜናዊ ኮረብታዎች ሰው ነበር፤ ኑሮውን የገፋው በእርሻ ነው። አጨዋወቱ የሚያስደንቀው በአንድ ኅብረ ድምፅ ላይ ረጅም ጊዜ መቆየት በመቻሉ ነው። አውራ ጣቱ ምቱን ሳያቋርጥ ይመታል፤ ብርጭቆው ደግሞ የዘፈኑን ቃል ይጨርስለታል። አንዳንዴ አፉ መስመሩን መሀል ላይ ይተወውና ቀሪውን ጊታሩ ይናገረዋል። ቦኒ ሬይት ይህን ትምህርት መቼም አልለቀቀችውም። በ1970 ኒው ዮርክ ውስጥ ጋዝላይት በሚባለው ቤት ከማክዶዌል በፊት እየወጣች ስትጫወት ወሬዋ ተሰማ፤ የሸክላ ኩባንያው ዋርነር ብራዘርስም አስፈረማት።

የመጀመሪያ አልበሟ በ1971 ወጣ። የተቀረጸው ሚኒሶታ ውስጥ በሚኒቶንካ ሐይቅ ደሴት ላይ፣ ባዶ በሆነ የክረምት ካምፕ ውስጥ ነው። ለቀረጻ የተጠቀሙት አራት መስመር ብቻ ነበር። ይህ ማለት ሙዚቀኞቹ አንድ ላይ ይጫወታሉ፤ አንዱ ሲሳሳት ለብቻው አይታረምም። የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ከቺካጎ ከመጡት እንደ ጁኒየር ዌልስ ካሉ ነባር ሙዚቀኞች ጋር በዚህ ሁኔታ ስትሠራ፣ ድምፅዋ ገና ቀጭን ቢሆንም ምቱ ላይ አትንሸራተትም።

እዚያ አልበም ላይ የሲፒ ዋላስ ዘፈኖች አሉ። ሲፒ ዋላስ በ1898 የተወለደች፣ በ1920ዎቹ ሸክላ ያስቀረጸች የብሉዝ ዘፋኝ ነበረች፤ በኋላ ዲትሮይት ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን እየተጫወተች ኖራለች። ዘፈኖቿ ወንድን የሚለማመጡ አልነበሩም። ሴት ለሴት የምትሰጠው ምክር፣ ሳቅና ንቃት ያለበት ምክር ናቸው። ወጣቷ እነዚህን ዘፈኖች ስትወስድ የአሮጊቷን ድምፅ አልቀዳችም። የወሰደችው አነጋገሯን ነው፤ ቃሉን ዘና ብሎ ከምቱ ትንሽ ዘግይቶ መጣል፣ የመስመሩን መጨረሻ ሳይጎትቱ መተው። በኋላም አሮጊቷን ወደ መድረክ አምጥታ አብራት ዘፈነች፤ ሲፒ ዋላስ በ1986 እስክታርፍ ድረስ ወዳጅነታቸው አልተቋረጠም።

ቀጥሎ ያለው ጊዜ ረጅም ነው፤ ገበያውም ቀዝቃዛ ነበር። በ1974 የጆን ፕራይንን “ኤንጅል ፍሮም ሞንትጎመሪ” ዘፈነች፤ ዘፈኑ ዛሬ የእሷ እስኪመስል ድረስ ከስሟ ጋር ተጣብቋል። በ1977 የዴል ሻነንን “ረናዌይ” አዘግይታና አክብዳ ስታወጣው ሬዲዮ ላይ ተሰማ። ሙዚቀኞች ያከብሯታል፤ ሸማቹ ግን ብዙም አያውቃትም። በ1983 ዋርነር ብራዘርስ አሰናበታት። መጠጡም በርትቶባት ነበር። ጊታሪስቱ ስቲቪ ሬይ ቮን መጠጥ ትቶ ከበፊቱ የበለጠ ሲጫወት ማየቷ እንደረዳት ተናግራለች፤ በ1987 እሷም ተወችው።

ከዚያ የመጣው “ኒክ ኦፍ ታይም” ነው። ፕሮዲውሰሩ ዶን ዋዝ ሲሆን፣ አልበሙ በመጋቢት 1989 በካፒቶል በኩል ወጣ፤ አሥረኛዋ ነው። በየካቲት 1990 በግራሚ ሽልማት የዓመቱ ምርጥ አልበም ተባለ፤ በዚያው ምሽት ከብሉዝ ድምፃዊው ጆን ሊ ሁከር ጋር የሠራችውን ጨምሮ አራት ሽልማት ተረከበች። አርባ ዓመት ሞልቷት ነበር። ብዙ ሰው ይህን የሚተርከው እንደ ዕድል ነው። እኔ ግን አልበሙን ባዳመጥኩ ቁጥር የሚሰማኝ የሃያ ዓመት ሥራ በመጨረሻ የሚገባውን ክፍት ቦታ ማግኘቱ ነው። በ1980ዎቹ የነበረው የቀረጻ ልማድ ከበሮውን ማግዘፍ፣ ኪቦርዱን መደራረብ ነበር። ዶን ዋዝ ብዙውን ነገር ከመንገዷ ላይ አነሣላት።

“ቲንግ ኮልድ ላቭ” የተባለውን የጆን ሃያት ዘፈን ስሙት። ስላይዱ ገና ከመግቢያው ይገባል፤ ረጅም አይናገርም። ድምፅዋ አንድ መስመር ትላለች፣ ብርጭቆው አጭር መልስ ይሰጣል። መልሱ ከታች ተነሥቶ ወደ ድምፁ ሲደርስ መንገዱን እንሰማለን፤ ደርሶም ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ በእጅ አንጓ ቀስ ብሎ ይወዛወዛል። አሁን ደግሞ ድምፅዋን ስሙ። እሷም ወደ ከፍተኛው ድምፅ የምትገባው ከታች ነው፤ ደርሳም መጨረሻው ላይ ትንሽ ታወዛውዘውና ትለቀዋለች። ጉሮሮዋና ብርጭቆው በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ናቸው፤ ማክዶዌል መስመሩን ለጊታር ሲያስጨርስ ያየችው ነገር ሃያ ዓመት ቆይቶ እዚህ ፍሬ አፈራ።

የአልበሙን ስም የሰጠውን ዘፈን ራሷ ነው የጻፈችው። ልጅ የመውለጃ ጊዜዋ እያለፈ ስላለ ወዳጅ፣ እያረጁ ስላሉ ወላጆች ይናገራል። ሮክ ስለ መካከለኛ ዕድሜ ብዙም በማያወራበት ጊዜ እሷ ስለ ቆዳ መሸብሸብ በተረጋጋ ድምፅ ዘፈነች። ርኅራኄ እንድናደርግ አትጎተጉተንም፤ ያየችውን ብቻ ትነግረናለች።

የልኳ ጫፍ ግን በ1991 “ላክ ኦፍ ዘ ድሮ” በተባለው አልበም ላይ ያለው “አይ ካንት ሜክ ዩ ላቭ ሚ” ነው። የጻፉት ማይክ ሪድና አለን ሻምብሊን ናቸው። ሪድ ቀድሞ የሲንሲናቲ ቤንጋልስ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነበር። ዘፈኑን ሲጀምሩት ፈጣን የገጠር ዘፈን ነበር፤ ከስድስት ወር በላይ ሲሠሩት ቆይተው አዘገዩት፤ ያኔ ትክክለኛ መልኩ ወጣ። ነገሩ ቀላል ነው። አንዲት ሴት የምትወደው ሰው እንደማይወዳት ታውቃለች። ቢያንስ እስኪነጋ ድረስ አብሯት እንዲቆይ ትጠይቃለች፤ ሲነጋ እንደምትለቀውም ታውቃለች።

ፒያኖውን የተጫወተው ብሩስ ሆርንስቢ ነው። ብርጭቆው እዚህ የለም። ቦኒ ሬይት ዝነኛ ያደረጋትን መሣሪያ አስቀምጣ በድምፅዋ ብቻ ገባች። መጀመሪያው ላይ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው፤ ወደ ንግግር ይጠጋል። አዝማቹ ሲመጣ ዜማው ይወጣል፤ ብዙ ድምፃዊ እዚህ ላይ ጉልበቱን ያሳያል። እሷ ዜማውን ተከትላ ትወጣለች እንጂ ኃይል አትጨምርም። ስለዚህ ከፍ ያለው ድምፅ ሳሳ ብሎ ይሰማል። በመስመሮቹ መካከል ያለው ትንፋሽ ይሰማል። ቃላቱን ቀጥ አድርጋ ትጨርሳቸዋለች፤ ጌጥ የለም፣ መንቀጥቀጥ የለም። አድማጩ የሚያለቅሰው እሷ ስላላለቀሰች ነው። የተቀረጸው ድምፅ በአንድ ጊዜ የተዘፈነው ነው። እንደገና ሞክረው የመጀመሪያውን ያህል ሊሆንላት እንዳልቻለ ተናግራለች። በአንድ ጊዜ መሆኑን ሰምቶ ነገሩን ያለ ልፋት የመጣ አድርጎ የሚወስድ ሰው ይኖራል። ከዚያ ቀን በፊት ያለፉት ዓመታት ግን በዚያ አንድ ጊዜ ውስጥ አሉ። ያልተለማመደ ጉሮሮ እንዲህ ባለ ሐዘን ውስጥ ይሰበራል ወይም ይጮኻል።

ብድር የመመለስ ነገር የሥራዋ አካል ነው፤ ከሥራዋ ለይቼ ላየው አልችልም። ከፈለሰፉት ሙዚቃ ተገቢውን ገንዘብ ሳያገኙ ያረጁ የሪዝም ኤንድ ብሉዝ ድምፃውያንን የሚረዳውን የሪዝም ኤንድ ብሉዝ ፋውንዴሽን በ1988 ካቋቋሙት ሰዎች አንዷ ናት። ማክዶዌል በ1972 ሲሞት መቃብሩ ላይ የቆመው ድንጋይ ስሙን አሳስቶ ይዞ ነበር። በ1993 በኮሞ፣ ሚሲሲፒ አዲስ ድንጋይ ሲቆምለት ወጪውን የሸፈነችው እሷ ናት። አንድን ድምፅ በትክክል ለማውጣት ዕድሜዋን የሰጠች ሴት የመምህሯ ስም ተሳስቶ እንዲቀር አልፈቀደችም። አፍሪካም በወጣትነቷ ካሰበችው በተለየ መንገድ መጣችላት፤ በ2002 “ሲልቨር ላይኒንግ” ላይ የዚምባብዌውን የኦሊቨር ምቱኩድዚን ዘፈን ዘፈነች፣ ከማሊው ሀቢብ ኮይቴ ጋርም አብራ ጻፈች።

በየካቲት 2023 የሰባ ሦስት ዓመት ሴት ሳለች “ጀስት ላይክ ዛት” የተባለው ዘፈኗ በግራሚ የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ተባለ። በዕጩነት ከቢዮንሴ፣ ከአዴልና ከቴይለር ስዊፍት ዘፈኖች ጋር ነበረች፤ ስሟ ሲጠራ ፊቷ ላይ የታየው ድንጋጤ ነው። ዘፈኑን ብቻዋን ነው የጻፈችው። ልጇን ያጣች እናት አለች፤ አንድ እንግዳ ሰው በሯ ላይ ይመጣል፤ የልጇ ልብ ያለው እሱ ደረት ውስጥ ነው። መነሻው በቴሌቪዥን ያየችው ዜና ሲሆን፣ አተራረኩ በ2020 በኮቪድ ከሞተው ከጆን ፕራይን የተማረችው ነው። ጊታሩን በጣቷ ብቻ እየነካካች ትጫወታለች። ታሪኩ ራሱ እጅግ ከባድ ስለሆነ ድምፅዋ ምንም አትጨምርበትም። እናትየው የልጇን ልብ ትርታ የምትሰማበት ቦታ ላይ እንኳ ጊታሩ እንደ ጀመረ ይቀጥላል።

ቦኒ ሬይትን ያልሰማ አንባቢ ካለ በሦስት ዘፈን ይጀምር። “ቲንግ ኮልድ ላቭ” ላይ ብርጭቆው ዝም የሚልባቸውን ቦታዎች ይቁጠር፤ ድምፅዋ ስትገባ ጊታሩ መንገድ ይለቅላታል። “አይ ካንት ሜክ ዩ ላቭ ሚ” ላይ የመስመሮቹን መጨረሻ ያድምጥ። “ጀስት ላይክ ዛት” ላይ ደግሞ ልትጮህ የምትችልበትን፣ ያልጮኸችበትን ቦታ ይፈልግ። ሦስቱን የሚያገናኘው አንድ እጅ ነው፤ ምን ያህል ክብደት እንደሚበቃ ያውቃል፣ ከዚያ በላይ አይጨምርም። ስሜት ለሁሉም ሰው ይሰጣል። ያንን ስሜት ሳይጨፈልቁ ለሌላ ሰው ማድረስ ግን ሙያ ነው፤ ይህን ሙያ እንደ ቦኒ ሬይት ያደረሰው ጥቂት ነው።